ለነዚህ ሁሉ ማን ያበስላል?

ሃፍቶም ሲደውል ሁልጊዜ በቀልድ ነው የሚጀምረው። የዚያን ቀን ግን ሰላምታም ሳይሰጠኝ፣ "ራውዳ፣ አቦይ ኪሮስ ዐረፉ" አለኝ።

ደሴ ነበርኩ፤ የባለቤቴን ሸሚዝ እየተኮስኩ። ካውያውን ማንሳት ረሳሁና ኮሌታው ተቃጠለ።  ከዚያ ሃፍቶም፣ "በመጨረሻ ስንት ደርሰው ነበር?" ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜያቸውን እንዳልጠየቀኝ ገብቶኛል። "ሦስት መቶ ነዋ" አልኩት። "ከዚያ በላይ የለም እኮ።" እሱም አዲስ አበባ፣ እኔም ደሴ ሆነን በስልክ አለቀስን።

ስለ እሳቸው ለማያውቅ ሰው ማውራት ይቸግረኛል። የስድሳ ዓመት ጡረተኛ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበሩ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ከማግባቴ በፊት መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር፣ በአንድ በያጅና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል፣ አሥር ኮምፒዩተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። ኢንተርኔት ገና በየሰው ኪስ አልገባም። ሰው የፈተና ውጤት ሊያይ፣ ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ይመጣል። መስመሩ ደህና የሚሆነው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከረፋድ በኋላ አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። የማይሰለቻቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ነበሩ። አለቃቸው ሃፍቶም ነው፤ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ኢንጂነሪንግ የሚያጠና፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ። ከዓለም ዙሪያ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ የሚጫወተውን ያንን ጨዋታ ቤቴ ያመጣብኝ እሱ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ሰው ይፈጥራል፤ ያ ሰው በጫካና በተራራ እየዞረ አውሬ ይገድላል፣ ከጭራቅ ይዋጋል። ተጫዋቾቹ ዘጠኝ ሆነን ማኅበር አቋቁመን ነበር። እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ እገባለሁ፤ ድርሻዬ ቁስለኛ ማከም ነበር።

አቦይ ኪሮስ የመጡት የጡረታ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። መቀሌን በየወሩ በእግራቸው ያዳረሱ፣ በየግቢው ያለውን ውሻ በስሙ የሚጠሩ ቀጭን ረጅም ሰው። ቆጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀበር ጎንበስ ብሎ በባትሪ ማየት ልማድ ሆኖባቸው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ትንሿ የእጅ ባትሪ ከደረት ኪሳቸው አልወጣችም። ማመልከቻው እስኪታተም ከሃፍቶም ጀርባ ሄደው ቆሙ። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ጉድጓድ እንደሚያዩ ሁሉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ይኼ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው፣ ወደይ?" አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"እየተዋጋ ነው፣ አቦይ።"

"እነዚህስ?"

"እነሱም እየተዋጉ ነው።"

"ዋእ! ለነዚህ ሁሉ ማን ያበስላል?"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሃፍቶም እንባውን እየጠረገ፣ ጨዋታው ውስጥ ምግብ ማብሰል የሚባል ሙያ በእርግጥ እንዳለ ነገራቸው። አንጥረኛነትም፣ ልብስ ስፌትም፣ መድኃኒት ቅመማም አለ። ከአንድ ተጀምሮ፣ በሠሩት ቁጥር እየጨመረ፣ እስከ ሦስት መቶ ይደረሳል። "ግን ማብሰሉን ከኛ መሃል የያዘ የለም" አላቸው፤ "ያሰለቻል።"

"ቁጥሩ ወደኋላ ይመለሳል እንዴ?"

"አይመለስም። መጨመር ብቻ ነው።"

አሰቡበት። "ሠላሳ ዓመት የሰው ቆጣሪ ሲጨምር አየሁ" አሉ። "አንድ ደግሞ የራሴ ይኑረኝ።" በማግስቱ ጠዋት፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ለሃፍቶምና ለጓደኞቹ አዲስ ሰው ናቸው። ለኔ ግን አልነበሩም። በልጅነቴ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ስንኖር አቦይ ኪሮስ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴ ሰይድ ከወሎ፣ ከሐይቅ መጥቶ ገበያው አጠገብ የቅመማ ቅመም ሱቅ ሲከፍት ማንንም አያውቅም ነበር፤ ከተማውንም፣ ሰዉንም፣ ቋንቋውንም ያስለመዱት እሳቸው ናቸው። ለዒድ እሳቸው እኛ ቤት፣ ለፋሲካ እኛ እሳቸው ቤት። ከልጃቸው ከብርኽቲ ሠርግ በኋላ ግን እግራቸው ቀረ። ጠብ የለ፣ ክርክር የለ፣ ዝም ብለው ቀሩ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሰው ላከባቸው፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ቤት ቀይረው ወደ ሓድነት ሄዱ።

"ልጁን ለሀብታም ዳረ፤ አለፈለት" አለ አባቴ። "ከእንግዲህ ቅመም ሻጭ ምን ያደርግለታል?" ከዚያ ወዲህ እናቴ ስማቸውን ስታነሳ ከገበታ እየተነሳ ይሄድ ነበር። እኔ ኢንተርኔት ቤቱን ስከፍት ነገሩ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር።

ያን ቀን ሲያዩኝ አወቁኝ። "የሰይድ ልጅ አይደለሽም?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። "ደሓን ድዩ?" ደህና ነው አልኳቸው። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ነገር ካልገባኝ አላርፍም፤ እናቴ "ይቺ ልጅ የሰው ድስት ከፍታ ካላየች አይነጋላትም" ትለኛለች። ለምን ቀሩብን የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን አባት የሚያህል ሰው እንዲህ አይጠየቅም። ስለዚህ በዓይኔ መከታተል ጀመርኩ።

መጀመሪያ ለገጸ ባሕርያቸው ስም ሲያወጡ "ኪሮስ" ብለው ቢጽፉ፣ ተይዟል አላቸው። "ማን ነው የወሰደው?" ብለው ደነገጡ። የትኛው አገር እንደሚኖር፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እሱስ ምን ሙያ እንደያዘ ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ተብሰለሰሉ። በመጨረሻ ከስማቸው ቀጥሎ የሁለት ቁጥር አስገብተን ኪሮስ ሁለት ተባሉ።

ቀጥሎ የከርከሮው ነገር መጣ። የጨዋታው አገር ከርከሮ የሞላበት ነው፤ ጀማሪ አብሳይ ሁሉ ከርከሮ ጠብሶ ጠብሶ በሁለት ቀን ሃምሳ ይደርሳል። ሃፍቶም ደግነቱን ሊያሳይ አርባ ቁራጭ ሥጋ በስጦታ ላከላቸው። አቦይ ኪሮስ ባትሪያቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ አበሩባት፤ ሥዕሏን ለማየት መሆኑ ነው።

"ይኼ መፍለስ አይደለም እንዴ? ከርከሮ?"

"ነው አቦይ፣ ግን ቁጥሩን ቶሎ..."

"ኣይፋል! አውጣልኝ። ጓለይ፣ ነይ አውጪልኝ።" ወንበሩን ለቀው ተነሱ። ሥጋውን አጥፍቼ ከረጢቱ ባዶ መሆኑን እስካሳያቸው አልተቀመጡም።

ስለዚህ ሌላው በሁለት ቀን የሚደርስበትን እሳቸው በስድስት ሳምንት ደረሱበት፤ ዳቦ እየጋገሩ፣ ከወንዝ ዓሣ እያጠመዱ። ዓሣ አንዷን ለመያዝ ግማሽ ደቂቃ ትፈጃለች፤ ቡሹን እያዩ መጠበቅ ነው። ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና አልከበዳቸውም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ ቀረ፣ ወተት ያለበት ቀረ። ዓሣ ይቻላል የሚሉ አሉ ብላቸው፣ "እኔ ከማይቻል ከሚሉት ነኝ" አሉኝ። የቀራቸው ዳቦ ብቻ ነው፤ ዳቦ ደግሞ እዚያ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ቁጥር አይጨምርም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየመጡ፣ የማይጨምር ዳቦ እየጋገሩ፣ በጨዋታው ከተማ በር ቆመው ለአላፊ አግዳሚው አደሉ። የየት አገር ሰው እንደሆነ የማናውቀው ሁሉ እየቆመ ተቀበላቸው። ሃፍቶም "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እያለ ያበሽቃቸዋል። እኔም አንድ ቀን፣ "አቦይ ኪሮስ፣ ቁጥሩ እኮ አይጨምርም" አልኳቸው።

"ጾም ምን ይጨምራል?" አሉኝ። "መቀነስ ነው ሥራው።"

ከፋሲካ በኋላ ወጥ መሥራት ቻሉ። ይህ ወጥ ተዋጊ ከጦርነት በፊት ከበላው ጉልበት የሚሰጥ ነው፤ ማኅበራችን ሲጠቀምበት ለካ እስከዛሬ የምንሸነፈው ርቦን ኖሯል። የአቦይ ኪሮስ ክብር ጨመረ። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት ሁላችንን ሰብስበው ስማችንን ጠየቁ። ከዘጠኛችን አራታችን ሙስሊም ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ከረጢት ያዙ። በአንደኛው የሚገባው እኔ ወይም ከሦስቱ አንዳቸው የገደልነው በግ ብቻ ነው፤ በሌላው እነ ሃፍቶም የገደሉት። እሳቱም ለየብቻ፣ ወጡም ለየብቻ።

ሃፍቶም አላስቻለውም። "አቦይ ኪሮስ፣ በጉም ሥዕል ነው፣ ሥጋውም ሥዕል ነው! ሥዕል ማን ባረደው ምን ለውጥ አለው?"

እሳቸውም ረጋ ብለው፣ "እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የምትሳለመው ምንድን ነው?" አሉት።

 እኛ አራታችን ግን ነገሩን ወደድነው። ከመሃላችን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ በደግ ሠርግ ቤት እንደሚደረገው ሳንጠይቅ ታሰበልን።

ይህ ሁሉ የአንድ ጥንቁቅ ሰው ጠባይ መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ሃፍቶም አንድ ጠዋት ከውጊያ በፊት ቸኩሎ፣ ወጡን ከክርስቲያኖቹ ከረጢት ብቻ አውጥቶ ለሁላችን ያደለ ቀን ነው። አቦይ ኪሮስ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ከየትኛው ነው የሰጠኸው? ለማን ሰጠኸው?"  ወደኔ ዞሩ። "በላሽ ወይ? ጓለይ፣ በላሽ?"

በልቼ ነበር፤ ቁልፏን ተጭኛለሁ። ፊታቸውን ሳየው ግን፣ "አልበላሁም" ብዬ ዋሸሁ።

 ኮታቸውን ሳይቆልፉ ወጥተው ሄዱ፤ አራት ቀን አልመጡም። ሃፍቶም ደንግጦ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ግን እነዚያን አራት ቀናት ያሳለፍኩት ባዶውን ወንበር እያየሁ ነው። ለጨዋታ ወጥ እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም። ይህ ሰው ሌላ ነገር አለበት አልኩ።

ሃፍቶም ለማስታረቂያ አንድ ወሬ ይዞላቸው ሄዶ ነበር። ሦስት መቶ የደረሰ አብሳይ የዓሣ ግብዣ የሚባል ነገር መዘርጋት ይችላል፤ ትልቅ ማዕድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ከዚያው ላይ ያነሳል።

"ሁሉም ከአንድ ማዕድ?" አሉት።

"ሁሉም። ዓሣ ደግሞ አይታረድም።"

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የተመለሱት። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ዓሣ ሆነ። ለሌላው ደረጃዎቹ ጨዋታ ነበሩ፤ ለእሳቸው ግን ቀጠሮ ያላቸው ይመስል ነበር። መብራት ሲጠፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ መስመር ሲቋረጥ ቀኑን ሁሉ ይጠብቃሉ። ሁለት መቶ ስድሳ ላይ ሳሉ አንድ ጠዋት፣ ከስክሪኑ ሳይነሱ፣ "አባትሽ ዓሣ ይወዳል አይደል? የሐይቅ ልጅ እኮ ነው" አሉኝ። ይወዳል አልኳቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አባቴን ያነሱት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። 

ሦስት መቶ የሞሉት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁላችንም ተጠርተን መጥተናል። ማዕዱን በጨዋታው ሐይቅ ዳር ዘረጉት። "ማንም እንዳይነካ!" አሉ። "መጀመሪያ ራውዳ።" በላሁ። ከዚያ ሁሉም በላ። ልጆቹ አጨበጨቡላቸው፣ ሃፍቶም ግንባራቸውን ሳማቸውና ሁሉም ወደ ውጊያው ሄደ። አቦይ ኪሮስ ግን ማዕዱ ደብዝዞ እስኪጠፋ ድረስ ፈዘው አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደኔ ጠረጴዛ ሳቡ።

"የብርኽቲ ሠርግ ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

"አባትሽ ሁለቱን በግ በገዛ እጁ አረደ። የናንተ ሴቶች በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው እሳት ሠሩ። ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ከዚያ ከሐይቅ ያልታሰበ እንግዳ መጣ፤ በሙስሊሞቹ ዳስ ወጥ አነሰ ብለው ጮሁብኝ። እኔ ደጋሹ፣ ያን ቀን ጭንቅላት የለኝም። ጓዳ ገብቼ አንድ ባልዲ ሙሉ ወጥ አንስቼ ሰጠሁ። ባልዲው ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ ጓለይ። የሰጠሁት የኛን ነበር።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። 

"ጓዳ ስመለስ የናንተው ባልዲ እንደተከደነ ተቀምጧል። ሮጥኩ። ዳሱ በር ስደርስ አባትሽ እየበላ ነው። ከሩቅ አየኝና፣ 'ኪሮስ! የዛሬው ወጥ አንደኛ ነው!' አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሓቂ ነው የምነግርሽ፣ ሳቅኩ። አንድ ቃል ብናገር ሠርጉ ይፈርሳል፣ ሰው ያስመልሳል፣ የልጄ ቀን ይበላሻል ብዬ ዋጥኩት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ሆነ። ከዚያ በኋላ እሱ ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከማዕዱ ልቆርስ እንዴት አድርጌ?"

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያን ወጥ እኔም በልቻለሁ፤ እናቴም በልታለች። ወዲያው ደግሞ አዘንኩላቸው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰው በአንድ ባልዲ ወጥ ምክንያት ወንድማቸውን የሚያህል ሰው አጥተዋል፤ ያጡት ደግሞ ማንም ሳይነጥቃቸው ነው።

"ንገሪው" አሉኝ። "እኔ አልቻልኩም። ንቆኛል ብሎ እንደሚያስብ ሰምቻለሁ። እንዳልናቅኩት ይወቅ፤ ከዚያ የፈለገውን ይበል።"

መልእክቱን ዘጠኝ ቀን ተሸክሜው ዞርኩ። አባቴ በሃይማኖቱ ቀልድ አያውቅም። በአሥረኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ እቃ ልታጥብ ስትወጣ ነገርኩት። ሙሉውን ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"አውቆ ነው?" አለኝ።

"ሳያውቁ ነው፣ አባ።"

"ካወቀ በኋላስ?"

"አፍረው ነው።"

 "ሳናውቅ የበላነውን አላህ አይጠይቀንም" አለ፤ "ሳያውቅ የሰጠውንም እሱን አይጠይቀውም።" እፎይ ልል ስል ድምፁ ተለወጠ። "አሥራ አንድ ዓመት! ባለፍኩበት ሁሉ፣ ኪሮስ ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ባልዲ ወጥ ከኔ በለጠበት? መጥቶ ቢነግረኝ ምን አደርገው ነበር፣ እበላው ነበር? ወላሂ ይህን ይቅር አልለውም!" ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ለሳምንት ያህል እኔንም በደንብ አላናገረኝም።

አቦይ ኪሮስ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ "ከመይ ሓዲርኪ" ይሉኝና ዓይኔን ያያሉ። መዋሸት አንዴ ሞክሬዋለሁና ደግሜ አልቻልኩም። ምግቡን ይቅር ብሏል፣ መቅረትዎን ግን አልልም ብሏል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነው" አሉ። "እኔም ብሆን አልልም።" ሄደው ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀመጡ። ሦስት መቶ ከሞላ በኋላ የሚጨምር ነገር የለም፤ እሳቸው ግን ለአዳዲስ ተጫዋቾች ማብሰላቸውን አላቆሙም።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ መስመሩ እንደ ጠዋቱ ደህና በሆነበት፣ ከዙህር ሰላት በኋላ ይመስለኛል፣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ኢንተርኔት ቤቴን ረግጦ አያውቅም ነበር። ልነሳ ስል በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ቀስ ብሎ ሄዶ ከአቦይ ኪሮስ ጀርባ ቆመ። እሳቸው አልዞሩም፤ ኋላቸው ሰው ሲቆም የለመዱ ናቸው።

አባቴ ስክሪኑን አየ። አቦይ ኪሮስ ደንበኛ መስሏቸው፣ እጃቸውን ከኪቦርዱ ሳያነሱ ማስረዳት ጀመሩ። "ምግብ ነው የምሠራው። ይኼ ከረጢት የሙስሊሞቹ ነው፣ እነሱ ራሳቸው የገደሉት። ይኼኛው የኛ ነው። ይኼ ወደዚያ አይገባም፣ ያም ወደዚህ አይመጣም። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው አምኖህ ሲበላ..." 

"ኪሮስ" አለ አባቴ።

እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ለመዞር አልደፈሩም። እኔ ያ ሁሉ ዓመት ምን እንደሚሆን ለማየት ዓይኔን አልነቅል አልኩ።

"ነገረችህ?" አሉ፣ ወደ ስክሪኑ እያዩ።

"ነገረችኝ።"

"እና?"

"እናማ ርቦኛል። ቤትህ ውሰደኝ።"

አቦይ ኪሮስ ቀስ ብለው ዞሩ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ አንዱ ሌላውን ሲያይ ያን ጊዜ ያወቁት ይመስለኛል።  "ሰይድ" አሉ፣ "ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ቤት ያለው ሽሮ ብቻ ነው።"

"ሽሮ ማን ያርደዋል?" አለ አባቴ። "ተነስ።"

ተነሡ። ጨዋታውን አልዘጉም፤ የጾም ዳቦው እሳት ላይ ነበር፣ ተወት አድርገውት ወጡ። በሩ ላይ ሁለቱም አንተ ቅደም አንተ ቅደም ተባብለው፣ በመጨረሻ እኩል ሲወጡ በሩ ጠበባቸው። ሚኒባስ አልያዙም። ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው፣ አባቴ እየተቆጣ፣ አቦይ ኪሮስ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ በበያጁ በኩል ሲታጠፉ ከደጃፉ ሆኜ አየኋቸው። ደንበኛ እየጠራኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

ያን ዕለት አባቴ የተመለሰው መግሪብን ሰግዶ ነው። እናቴ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እንደወትሮው ትሪውን ይዛ መጣችና፣ "እራት ላቅርብ?" አለችው።

"ጠግቤያለሁ" አላት።